ስሙ የማንም፣ ወረቀቱ የማን? የፒላቴስ አሠልጣኝነት ምስክር ወረቀትና ሚዛኑ

«ስም ከመቃብር በላይ ይውላል» ይላል የአገሬው ሰው። የጆሴፍ ፒላቴስ ስም ግን ከመቃብር በላይ ከመዋልም አልፎ ገበያ ወጥቷል፤ ተሽጧል፣ ተገዝቷል፣ ፍርድ ቤት ቆሟል። በመጨረሻም ማንም የሚጠቀምበት፣ ማንም ግን «የእኔ ብቻ ነው» የማይለው ስም ሆኖ ቀርቷል። ዛሬ በዚህ ስም በየአገሩ የአካል ማጎልመሻ ቤት ይከፈታል። ከዚህም ጋር በዚሁ ስም የአሠልጣኝነት ምስክር ወረቀት ይሸጣል። አንዱ ወረቀት በ2 ቀን የሚገኝ ነው፤ ሌላው ከግማሽ ዓመት በላይ ይፈጃል። ሁለቱም በመስታወት ተለብጠው ግድግዳ ላይ ሲሰቀሉ ግን ልዩነታቸው ለደንበኛ ዓይን አይታይም።

ነገሩ ለጎንደርና ለአካባቢዋ ነጋዴ ሩቅ አይደለም። ጂምናዚየም የከፈተ ባለሀብት፣ በሆቴሉ ውስጥ የስፖርት ክፍል ያዘጋጀ ሰው፣ ወይም ከአዘዞ ወደ ጠዳ በሚወስደው መንገድ ዳር ያለ ባዶ አዳራሹን ለምን እንደሚያውለው የሚያሰላስል ባለንብረት «አንድ ሰው ላሠልጥንና ልጀምር» ብሎ ማሰቡ አይቀርም። ልጁን ለእንዲህ ያለው ሥልጠና ለመላክ ገንዘብ የሚያጠራቅም ወላጅም ይኖራል። በሬ የሚገዛ ገበሬ የቀንዱን ማማር አይቶ ብቻ ገንዘብ አይቆጥርም፤ አፉን ከፍቶ ጥርሱን ያያል፣ ነድቶ አረማመዱን ይመለከታል። ምስክር ወረቀትም እንዲሁ ጥርስና አረማመድ አለው። የዚህ ትምህርት ዓላማ ያንን ማሳየት ነው።

ለመሆኑ ፒላቴስ ምንድን ነው?

በቅድሚያ ስሙ ከጳንጥዮስ ጲላጦስ ጋር ምንም ዝምድና የለውም። ጆሴፍ ፒላቴስ በ1883 እ.ኤ.አ. በጀርመን አገር ሞንሽንግላድባኽ በተባለች ከተማ ተወለደ። በልጅነቱ በአስምና ሪኬትስ በተባለው የአጥንት መልፈስፈስ በሽታ የተጎዳ ደካማ ልጅ ነበር። ሰውነቱን ለማጠንከር የተለያዩ የስፖርት ዓይነቶችን ሲሞክር አደገ። አንደኛው የዓለም ጦርነት ሲነሳ እንግሊዝ አገር ስለነበር እንደ ጠላት አገር ዜጋ ተቆጥሮ ማን በተባለችው ደሴት በግዞት ካምፕ ታሰረ። እንደሚነገረው፣ ከአልጋ መነሳት ያልቻሉ ሕመምተኞች ተኝተው እንዲለማመዱ የአልጋ ሞላ ፈትቶ ከአልጋው ራስጌና ግርጌ ጋር በማሠር የመጀመሪያዎቹን መሣሪያዎች የሠራው በዚያ ጊዜ ነው።

በ1926 እ.ኤ.አ. አካባቢ ወደ ኒውዮርክ ተሻግሮ ከባለቤቱ ከክላራ ጋር ማሠልጠኛ ቤት ከፈተ። የመጀመሪያዎቹ ታማኝ ደንበኞቹ ወገባቸውና ጉልበታቸው የተጎዳ የውዝዋዜ ባለሙያዎች ነበሩ። እሱ ራሱ ዘዴውን የጠራው በስሙ ሳይሆን «ኮንትሮሎጂ» ብሎ ነው፤ ሰውነትን በአእምሮ የመቆጣጠር ጥበብ ማለቱ ነው። በ1945 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፍ በምንጣፍ ላይ የሚሠሩ 34 እንቅስቃሴዎችን አስቀምጧል። ከምንጣፉ በተጨማሪ ባለሞላ መሣሪያዎች አሉ። ዋናው ሪፎርመር ይባላል፤ በሞላ የተያዘ፣ በሐዲድ ላይ ወደ ፊትና ወደ ኋላ የሚንሸራተት አልጋ መሰል ነገር ነው።

ፒላቴስ ከዮጋ ጋር ብዙ ጊዜ ይምታታል። ዮጋ ከሕንድ መንፈሳዊ ትውፊት የመጣ ሲሆን ፒላቴስ ግን ምንም ሃይማኖታዊ ይዘት የለውም። የሆድ፣ የወገብና የጀርባ ጡንቻ ላይ የሚያተኩር፣ በቀስታና በትክክለኛ አተነፋፈስ የሚሠራ የአካል እንቅስቃሴ ነው። ይህ ለጎንደር ገበያ ትንሽ ነገር አይደለም። ደንበኛዋ ለንስሐ አባቷ ምን እንደምትሠራ ያለ ሐፍረት ልትነግር መቻል አለባት።

ስሙ ፍርድ ቤት ቀረበ

ጆሴፍ ፒላቴስ በ1967 እ.ኤ.አ. ሲሞት የተደራጀ የፈተናና የምስክር ወረቀት ሥርዓት አልተወም። ከእሱ ሥር የተማሩት እነ ሮማና ክሪዛኖውስካ፣ ሮን ፍሌቸር፣ ኢቭ ጄንትሪና ካሮላ ትሪየር እያንዳንዳቸው እንደየዝንባሌያቸው አስተማሩ። ዘዴው እየታወቀ ሲሄድም የስሙ ዋጋ ከፍ አለ። በ1992 እ.ኤ.አ. ሾን ጋላገር የተባለ የአካል ሕክምና ባለሙያ «ፒላቴስ» የሚለውን ቃል የንግድ ምልክት መብት ያዘ። ከዚያም በስሙ የሚጠቀሙ ሌሎች አሠልጣኞችና መሣሪያ አምራቾች እንዲያቆሙ መጠየቅና መክሰስ ጀመረ።

ከተከሰሱት አንዱ በካሊፎርኒያ የሚገኝ መሣሪያ አምራች ነበር። ሰውዬው አልተበገረም፤ ተከራከረ። በጥቅምት ወር 2000 እ.ኤ.አ. የኒውዮርክ ፌዴራል ፍርድ ቤት ውሳኔ ሰጠ። ፒላቴስ እንደ ዮጋና እንደ ካራቴ የአንድ ዓይነት የአካል እንቅስቃሴ የወል ስም ስለሆነ የአንድ ነጋዴ የግል ንብረት ሊሆን አይችልም ተባለ። የንግድ ምልክቱም ተሠረዘ።

ከነጋዴ ዓይን ሲታይ ይህ ውሳኔ ሁለት ነገር አደረገ። አንደኛ፣ በሩን ከፈተ። የፈለገ ሰው በስሙ ማሠልጠን፣ ቤት መክፈትና መሣሪያ መሥራት ቻለ፤ አቅርቦቱም በፍጥነት ሰፋ። ሁለተኛ፣ ስሙን ከዋስትናነት አወረደው። «ፒላቴስ» የሚለው ቃል ብቻውን ስለ ጥራት የሚናገረው ነገር የለም፤ «ቡና» የሚለው ቃል ደረጃ አንድ ይሁን ደረጃ አምስት እንደማይናገር ሁሉ ማለት ነው። ዋስትናው ከስሙ ወደ ወረቀት ሰጪው ዞረ።

በመሆኑም በዓለም ገበያ ላይ ስም ያላቸው ትምህርት ቤቶች ጎልተው ወጡ። በቶሮንቶ ከተማ በ1988 እ.ኤ.አ. የተቋቋመው ስቶት፣ በ1989 እ.ኤ.አ. በካሊፎርኒያ የተመሠረተው ባዚ፣ በ1992 እ.ኤ.አ. በአንድ የአካል ሕክምና ባለሙያ የተመሠረተው ፖልስታር ከሚጠቀሱት ናቸው። ትምህርት ቤቶቹ የራሳቸውን ተማሪ ራሳቸው አስተምረው ራሳቸው ፈትነው ወረቀት ይሰጣሉ። ይህ ደግሞ አንድ ጥያቄ አስነሳ፤ አስተማሪው ራሱ ፈታኝ፣ ፈታኙ ራሱ ገንዘብ ተቀባይ ከሆነ ሚዛኑን ማን ይያዝ?

ለዚህ መልስ ለመስጠት በ2001 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ የሙያ ማኅበር ተመሠረተ። ማኅበሩ በ2005 እ.ኤ.አ. ከየትኛውም ትምህርት ቤት ነፃ የሆነ ፈተና ጀመረ። ዛሬ ፈተናው ብሔራዊ የፒላቴስ ምስክርነት ፕሮግራም በሚባል አካል ይሰጣል። ለፈተናው ለመቀመጥ የ450 ሰዓት ሙሉ ሥልጠና መውሰድ ያስፈልጋል። ወረቀቱም ዕድሜ ልክ አይደለም፤ በየ2 ዓመቱ ተጨማሪ ትምህርት በመውሰድ ይታደሳል። ሆኖም አንድ ነገር መታወቅ አለበት። በአሜሪካ ራሷ ፒላቴስ ለማሠልጠን የመንግሥት ፈቃድ ግዴታ አይደለም። ወረቀት የሚጠይቀው ሕጉ ሳይሆን ደንበኛውና ቀጣሪው ነው።

450 ሰዓት ምን ይይዛል?

ቁጥሩን ወደ ቀን መመንዘር ይጠቅማል። አንድ ሰው በቀን 3 ሰዓት፣ በሳምንት 5 ቀን ቢማር በሳምንት 15 ሰዓት ይሆናል። 450 ሰዓቱን ለመጨረስ 30 ሳምንት ወይም ወደ 7 ወር ይፈጅበታል። በሌላ በኩል በቅዳሜና እሑድ ብቻ የሚያልቅ ኮርስ በቀን 8 ሰዓት ቢሰጥ እንኳ 16 ሰዓት ነው። ይህም ከ100 እጅ 4 እጅ አይሞላም።

ሙሉው ሥልጠና በጥቅሉ አምስት ክፍል አለው። የመጀመሪያው የሰውነት አካል ትምህርት ነው፤ አጥንት፣ ጡንቻ፣ መገጣጠሚያና አተነፋፈስ። ሁለተኛው እንቅስቃሴዎቹን በምንጣፍና በመሣሪያ ላይ አንድ በአንድ መማር ነው። ሦስተኛው ሰልጣኙ በራሱ ሰውነት ደጋግሞ የሚለማመድበት ነው። አራተኛው ልምድ ያለው አሠልጣኝ ሲያሠራ ቁጭ ብሎ መመልከት ነው። አምስተኛውና ዋናው በአሠልጣኝ ቁጥጥር ሥር እውነተኛ ደንበኛን ማሠራት ነው። ከዚያ በኋላ የቃል ወይም የጽሑፍ ፈተና፣ ቀጥሎም የተግባር ፈተና ይከተላል።

አጫጭር ኮርሶች አብዛኛውን ጊዜ የሚሰጡት ሁለተኛውን ክፍል ብቻ ነው። ሰልጣኙ እንቅስቃሴዎቹን አውቆ ይወጣል። የማያውቀው ለማን መከልከል እንዳለበት ነው። ጉዳቱም ከዚህ ይመጣል። አጥንታቸው በዕድሜ የሳሳ እናት ጀርባቸውን ወደ ፊት አጥፈው የሚሠሯቸው እንቅስቃሴዎች የአከርካሪ አጥንታቸውን ሊሰብሩ ይችላሉ። ነፍሰ ጡር ሴት ከመጀመሪያዎቹ ወራት በኋላ ለረጅም ጊዜ በጀርባዋ ተኝታ መሥራት አይገባትም። ደም ግፊት ያለበት ሰው እግሩን ሰቅሎ ጭንቅላቱን ዝቅ የሚያደርግበት አቋም አይመከርለትም። የዲስክ መንሸራተት ያለበት ደንበኛ ከጤነኛው ጋር አንድ ምንጣፍ ተዘርግቶለት አንድ ዓይነት ትእዛዝ ሊሰጠው አይገባም። 34ቱን እንቅስቃሴ በቃል የያዘ አሠልጣኝ ይህን ካላወቀ የሚሸጠው ጤና ሳይሆን አደጋ ነው። ጎንደር ውስጥ ደግሞ ወሬ ከባጃጅ ይፈጥናል። አንዲት ደንበኛ ወገቧን ይዛ ከወጣች አዳራሹ በሳምንቱ ባዶ ይሆናል።

ማስታወቂያውም ልክ ሊኖረው ይገባል። በ2015 እ.ኤ.አ. ኮክሬን የተባለው የሕክምና ጥናቶች መመርመሪያ ድርጅት ፒላቴስ ለወገብ ሕመም ያለውን ጥቅም የሚመለከት ግምገማ አውጥቷል። 510 ሰዎች የተሳተፉባቸው 10 ጥናቶች ተመዝነው የተገኘው ውጤት ይህን ይመስላል። ፒላቴስ ምንም ሳይሠሩ ከመቀመጥ ይሻላል፤ ከሌሎች የአካል እንቅስቃሴዎች እንደሚበልጥ ግን አሳማኝ ማስረጃ አልተገኘም። ስለዚህ «ወገብ እናድናለን» ብሎ በር ላይ መጻፍ ከእውነትም ከንግድ ጥበብም ውጭ ነው። «በቀስታ፣ በቁጥጥር፣ በሠለጠነ ሰው ሥር እናሠራለን» ማለት ግን የሚያኮራ ነው።

የጠዳ ሚዛን

ጥሩ ወረቀትን ከመጥፎው ለመለየት ሚዛን ፍለጋ ቶሮንቶ ድረስ መሄድ አያስፈልግም። ከጎንደር ወደ ባሕር ዳር በሚወስደው መንገድ ከአዘዞ ቀጥላ የምትገኘው ጠዳ ይህ ሚዛን አላት።

የጠዳ ጤና ሳይንስ ኮሌጅ ነርስ፣ አዋላጅና መሰል መካከለኛ ባለሙያዎችን ያሠለጥናል። እዚያ የሚማር ሰው ከክፍል ትምህርቱ ሌላ በጤና ተቋም የተግባር ልምምድ ያደርጋል። አዋላጅ ለመሆን የምትማር ልጅ በመምህር ዓይን ሥር እናት ሳታዋልድ አትመረቅም። ከዚያም በኋላ የኮሌጁ ወረቀት ብቻውን በቂ አይደለም። በተለምዶ ሲ.ኦ.ሲ. የሚባለው የሙያ ብቃት ምዘና ይጠብቃታል። የዚህ ምዘና መሠረታዊ ሐሳብ አጭር ነው፤ ያሠለጠነ ራሱ አይመዝንም። መዛኙ ሌላ ነው፣ የሚመዘንበት የሙያ ደረጃም አስቀድሞ የተጻፈ ነው።

ይህ ልማድ ለጎንደር አዲስ አይደለም። በ1954 እ.ኤ.አ. የጤና መኮንን፣ የማኅበረሰብ ነርስና የአካባቢ ጤና ባለሙያ ለማፍራት የተከፈተው የጎንደር ጤና ኮሌጅ፣ ኋላ ላይ የጎንደር ዩኒቨርሲቲ መሠረት የሆነው ማለት ነው፣ ተማሪዎቹን በቡድን አድርጎ ወደ ገጠር ጤና ጣቢያ ይልክ ነበር። እጅ ያልነካው ትምህርት ወረቀት አያሰጥም የሚለው ሐሳብ በዚህ ምድር ከ70 ዓመት በላይ ሥር የሰደደ ነው።

ከዚያም በፊት ወጌሻው ነበር። ወጌሻ በመስታወት የተለበጠ ወረቀት የለውም። ምስክሩ በእጁ ያለፉት የተሰበሩና የተወለቁ አጥንቶች፣ ዝናውን የሚያወሩት ቤተሰቦች ናቸው። ይህ ምስክርነት ለመገኘት ዕድሜ ልክ ይፈጃል። ምስክር ወረቀት ማለት ይህንኑ የዕድሜ ልክ ዝና ለማያውቀው ደንበኛ በአጭሩ የሚናገር ምትክ ነው። ምትኩ ጥሩ የሚሆነው ከኋላው እውነተኛ ሰዓት፣ እውነተኛ ሰውነት የነካ እጅና ገለልተኛ መዛኝ ሲኖር ነው። ከነዚህ አንዱ ከጎደለ ወረቀቱ ባዶ ጆንያ ነው።

ሂሳቡ ምን ይላል?

ከዚህ ቀጥሎ ያሉት ቁጥሮች ለስሌት እንዲያመቹ የተወሰዱ እንጂ የገበያ ዋጋ አይደሉም። ባለሀብቱ የራሱን ቁጥር ተክቶ ማስላት ይችላል።

አንድ አዳራሽ 10 ምንጣፍ ያዘረጋል እንበል። በቀን 2 ክፍለ ጊዜ፣ በወር 24 ቀን ቢሠራ የሚሸጠው 480 ቦታ ይሆናል። ግማሹ ቢሸጥ 240 ነው። አንዱ ቦታ በ200 ብር ቢሸጥ የወር ገቢው 48,000 ብር ይመጣል። ወጪው የቤት ኪራይ 15,000፣ የአሠልጣኝ ደመወዝ 18,000፣ ጽዳት፣ ጥበቃ፣ መብራትና ውኃ 6,000፣ በድምሩ 39,000 ብር ቢሆን ከግብር በፊት 9,000 ብር ይተርፋል። ወጪውን ብቻ ለመሸፈን 195 ቦታ መሸጥ አለበት፤ ከ100 ቦታ 41 ግድም ማለት ነው። በግማሽ መሙላትና በኪሣራ መካከል ያለው ርቀት ይህን ያህል ጠባብ ነው።

አሁን የሥልጠናው ዋጋ ይግባ። ሥልጠናው 1,000 ዶላር ቢጠይቅ፣ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ብሔራዊ ባንክ የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ከማድረጉ በፊት በነበረው 57 ብር ግድም ሂሳብ 57,000 ብር ነበር። በወር 9,000 ብር ከተረፈ በ6 ወር ከሳምንታት ውስጥ ይመለሳል። ዶላሩ 120 ብር ሆኖ ቢሰላ ግን ያው ሥልጠና 120,000 ብር ይሆናል፤ ለመመለስም ከ13 ወር በላይ ይፈጃል። የሠለጠነችው ሴት በ8ኛው ወር የተሻለ ደመወዝ አግኝታ ወደ አዲስ አበባ ብትሄድ እስከዚያ የተመለሰው 72,000 ብር ነው። በመጀመሪያው ስሌት ባለሀብቱ ገንዘቡን መልሶ ትርፍ አግኝቷል። በሁለተኛው ስሌት ግን 48,000 ብር ሜዳ ላይ ቀርቷል፤ አዳራሹም አሠልጣኝ የለውም።

ከዚህ ሁለት ነገር ይከተላል። በመጀመሪያ፣ ለሥልጠና የሚወጣ ገንዘብ ከመሣሪያ ግዥ የሚለየው መሣሪያው በቤት ሲቀር ዕውቀቱ ግን ከሰውየው ጋር በእግሩ የሚሄድ መሆኑ ነው። ስለዚህ ሥልጠናው ከመጀመሩ በፊት በጽሑፍ ውል መግባት ያስፈልጋል። ውሉ አሠልጣኙ ስንት ጊዜ እንደሚያገለግል፣ ቀድሞ ቢለቅ ካልተመለሰው ወጪ ምን ያህሉን እንደሚተካ ያስቀምጣል። ከዱላው ጋር ማሩ መኖር አለበት። ከተሸጠው ቦታ ድርሻ የሚከፈለው አሠልጣኝ በደመወዝ ብቻ ከታሠረው ይልቅ ይቆያል፤ ደንበኛም ይስባል። ቀጥሎ፣ የውጭ ክፍያው በባንክ በኩል በሕጋዊ መንገድ መፈጸሙና ደረሰኙ መያዙ ግድ ነው። ደረሰኝ የሌለው ወጪ ለግብር ሰብሳቢው ወጪ አይደለም።

መሣሪያን በተመለከተ ከምንጣፍ መጀመር ይሻላል። ሪፎርመር በአንድ ጊዜ አንድ ሰው ብቻ ይይዛል፤ ቦታ ይበላል፤ ሞላዎቹም ይደክማሉ። አምራቾች ሞላው በየ2 ዓመቱ ገደማ እንዲቀየር ይመክራሉ። የእንጨት አካሉን የጎንደር አናጢ አሳምሮ ሊሠራው ይችላል። ልኩ ያልታወቀ ሞላ በደንበኛ እግር ላይ ማሠር ግን የማይሞከር ነው። ምንጣፉ ትርፍ ካመጣ በኋላ መሣሪያው ይከተላል።

ማን ይሠልጥን? ለማንስ?

ዶላር ከመክፈል በፊት የሚላከውን ሰው መምረጥ ከትምህርት ቤቱ ምርጫ ይቀድማል። ስለ ሰውነት ምንም የማያውቅ ሰው 450ውን ሰዓት ከዜሮ ይጀምራል። ነርስ፣ የስፖርት ሳይንስ ምሩቅ፣ ወይም የጎንደር ዩኒቨርሲቲ በዲግሪ ከሚያስተምረው ፊዚዮቴራፒ የወጣ ባለሙያ ግን የሰውነት አካል ትምህርቱን ይዞ ይነሳል። ትከሻውንና ወገቡን ለይቶ ማዘዝ የሚችል የባህል ተወዛዋዥም በተግባሩ በኩል ቀድሞ ሄዷል፤ የቀረው ንድፈ ሐሳቡ ነው። በአካባቢው እንዲህ ያለ ሰው ሞልቷል።

ሴት አሠልጣኝ መኖሯም የግድ ነው። በፒላቴስ አሠልጣኙ የደንበኛውን ጎን፣ ወገብና ዳሌ እየነካ ያርማል። የጎንደር እመቤት ይህን ከወንድ አሠልጣኝ የምትቀበል መስሎት ቤት የሚከፍት ሰው ገበያውን አያውቀውም። ለሴቶች ብቻ የተለየ ሰዓትና መጋረጃ ያለው አዳራሽ ከውድ መስታወት ይበልጣል።

የደንበኛው ማንነትም በእርጋታ መታሰብ አለበት። ሐምሌ 28 ቀን 2015 ዓ.ም. በአማራ ክልል የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ከታወጀ ወዲህ የነበረው ግጭት የቱሪስት ገበያን ምን ያህል እንደሚያናጋ የጎንደር ሆቴል ባለቤት ሊነገረው አይገባም። በጥምቀት በሚመጣ እንግዳና በዳያስፖራ ላይ ተመሥርቶ ዓመቱን ሙሉ ኪራይ የሚከፍል ቤት ማቀድ አደጋ አለው። ጽኑው ደንበኛ ቀኑን ሙሉ ተቀምጦ የሚውለው የባንክ ሠራተኛ፣ ቆሞ የሚውለው ባለሱቅ፣ የዩኒቨርሲቲና የኮሌጅ መምህር፣ ከአራስ ቤት የወጣች እናት ነው። የጾም ወራትም በዕቅዱ ውስጥ ይግቡ። በዐቢይ ጾም 55 ቀን ብዙ ሰው እስከ 9 ሰዓት እህል አይቀምስም። የጠዋቱ ክፍለ ጊዜ ወደ ምሽት ካልተዛወረ ከላይ በተሰላው አዳራሽ የሚሸጠው ቦታ ወደ ሲሶ ሊወርድ ይችላል። ሲሶው 160 ነው። ገቢው 32,000፣ ኪሣራውም በወር 7,000 ብር ይሆናል።

በኢንተርኔት ስለሚሰጠው ሥልጠናም አንድ ቃል። ከ2020 እ.ኤ.አ. የኮሮና ወረርሽኝ ወዲህ ብዙ ትምህርት ቤቶች የንድፈ ሐሳቡን ክፍል በኢንተርኔት ይሰጣሉ። ይህ የአውሮፕላንና የሆቴል ወጪን ስለሚያድን ለአገሬው ሰልጣኝ ትልቅ ዕድል ነው። ሁለት ነገር ግን ይታሰብ። የመጀመሪያው በ2015 ዓ.ም. መጨረሻ በክልሉ የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ ለወራት መቆየቱ ነው። የክፍያና የትምህርት ጊዜ ማራዘሚያ ውሉ ውስጥ ካልተጻፈ ገንዘቡ ከኔትወርኩ ጋር ይጠፋል። ሁለተኛው እጅ በስክሪን አለመሠልጠኑ ነው። የተግባሩ ክፍል የት፣ በማን ዓይን ሥር እንደሚፈጸም ሳይታወቅ የሚከፈል ገንዘብ ለግማሽ ሸቀጥ የሙሉ ዋጋ መክፈል ነው።

ገንዘብ ከመቁጠር በፊት የሚጠየቁ 7 ጥያቄዎች

1. ሥልጠናው በጠቅላላው ስንት ሰዓት ነው? ከዚህ ውስጥ በእውነተኛ ደንበኛ ላይ በቁጥጥር ሥር የሚሠራው ስንቱ ነው?

2. ወረቀቱ ለምንጣፍ ብቻ ነው ወይስ መሣሪያዎቹንም ይጨምራል? «ፒላቴስ አሠልጣኝ» የሚል ጽሑፍ ይህን አይናገርም።

3. ፈታኙ ማን ነው? ያስተማረው ራሱ ከሆነ ከሌላ ገለልተኛ አካል ፈተና ለመቀመጥ ያበቃል ወይ?

4. የተግባር ፈተና አለ ወይስ ክፍያ ያጠናቀቀ ሁሉ ይመረቃል? የወደቀ ሰው ስለመኖሩ መጠየቅ ነውር አይደለም። ማንም የማይወድቅበት ፈተና ፈተና አይደለም።

5. ለነፍሰ ጡር፣ ለአረጋዊ፣ ለወገብ ሕመምተኛ የሚሰጥ የተለየ ትምህርት አለው?

6. ወረቀቱ ስንት ጊዜ ያገለግላል? ለማደስ በየስንት ዓመቱ ምን ያህል በዶላር ይጠየቃል? ይህ በቋሚ ወጪ ውስጥ ካልገባ ስሌቱ ሐሰት ነው።

7. በአገር ውስጥ በዚህ ሙያ ወይም በተቀራራቢው የአካል ብቃት አሠልጣኝነት የወጣ የሙያ ደረጃና ምዘና አለ ወይ? ለንግድ ፈቃዱስ ምን ይጠየቃል? ይህን የሥራና ክህሎት እንዲሁም የንግድ ጽሕፈት ቤቶችን በአካል ሄዶ መጠየቅ ግማሽ ቀን ይወስዳል። ሳይጠይቁ መጀመር ግን ዓመት ያስከፍላል።

ለደላላም ትምህርት አለው። አዳራሽ ለማከራየት የሚያገናኝ ደላላ «ለስፖርት ቤት የሚሆን» ሲል ወለሉ ደረቅና የማይቀዘቅዝ፣ አየሩ የሚንቀሳቀስ፣ መስኮቱ ከመንገድ የማያሳይ መሆኑን ቀድሞ ቢያይ ዋጋውን በምክንያት ያስከብራል። ጠዳ ከጎንደር መሀል የሚሻል ሰፊ ቦታ ልትሰጥ ትችላለች። ደንበኛው ግን ከሥራ ወጥቶ በታክሲ የሚመጣ ከሆነ የመንገዱ ሰዓትና ዋጋ ከቦታው ዋጋ ጋር ተደምሮ ይታይ።

ለማጠቃለል፣ በ2000 እ.ኤ.አ. ፍርድ ቤት ስሙን ለሁሉም ነፃ ባደረገ ጊዜ የፒላቴስ ንግድ ምስጢር ከስም ወደ ሰዓት ተዛወረ። ደንበኛው የሚከፍለው ለቃሉ ሳይሆን ቃሉን ከያዘው ሰው ጀርባ ላለው ልምምድ ነው። ባለሀብቱም እንዲሁ። ርካሹ የ2 ቀን ወረቀት መጀመሪያ ያተረፈ ይመስላል። «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» እንደተባለው ግን፣ አንድ የተጎዳ ደንበኛ ሲመጣ የተቆጠበው ገንዘብ ከነዝናው ይሄዳል። ውድ የሚመስለው የ7 ወር ሥልጠናም በውል፣ በተመጣጠነ ክፍያና በትክክለኛ ሰው ላይ ካልዋለ ሌላ ከተማ ሄዶ ለሌላ ሰው ይሠራል። ወረቀቱን ከመግዛት በፊት የጠዳ አዋላጅ ስትመረቅ የሚጠየቀውን ጥያቄ መጠየቅ በቂ ነው፤ እጅሽ ስንት ሰው ነክቷል? ማንስ አየሽ?